እንደሻው የሚጠይቀው ሰው

እንደሻው የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ነበር። አያቱ ጠመንጃ ተሸክመው ከመንዝ መጥተው ሐረር የቀሩ ወታደር ናቸው፤ እሱ ግን ከብዕር በቀር የጨበጠው መሣሪያ የለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን የሰው ጠብ ሲገለብጥ ይውላል። ወንድም ወንድሙን በድንበር ከሷል፣ አማች ከአማቱ በአንዲት ላም ተካሷል። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ታዲያ ዳቦ በጨርቅ ይቋጥርና በሐረር ግንብ በፈላና በር ወጥቶ ይጠፋል። የሚመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ሱሪው ጭጎጎት ለብሶ፣ ፊቱ ግን ፈክቶ።

የሚሄደው ዱር ነበር። ከድሬ ጠያራ ወዲያ ካሉት ኮረብታዎች ጀርባ እንጨት ለቃሚ እንኳ የማይደርስባቸው ሥርጓጉጦች አሉ። አንዱ ውስጥ ጥዱ ተደራርቦ ቀትሩን ያጨልመዋል፤ ሌላው ውስጥ አጋሙ የሚለቅመው አጥቶ መሬት ላይ ይረግፋል። እንደሻው እነዚህን አንድ በአንድ እየፈለገ አገኘ። ሲያገኝም የሚያደርገው ነገር የለም። አይቶ፣ ተቀምጦ፣ ዳቦውን ገምጦ ይመለሳል።

ይህን ለሚስቱ ለገላነሽ መናገር አፈረ። እውነቱን ነው፣ ማን ይናገረዋል? በዚያ ዘመን ሰው ዱር የሚገባው ወይ በሬ ጠፍቶበት፣ ወይ እንጨት ሊቆርጥ፣ ወይ ሸፍቶ፣ ወይ ሱባኤ ሊይዝ ነው። «ኮረብታ ሳይ ዋልኩ» የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ቢገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደዋል። ስለዚህ ገላነሽ በመጀመሪያው እሑድ «የት ዋልክ?» ብትለው፣ አገር የሚለውን አለ፦ «ሰው ስጠይቅ።»

ይህ ሰበብ ለአንድ እሑድ ይበቃል። ለስድስት ዓመት ግን አይበቃም። የተጠየቀ ሰው መልሶ ይጠይቃል፤ ለፋሲካ ባይመጣ እንኳ ሰላምታ ይልካል። የእንደሻው ሰው ግን ድምፁ እንኳ ተሰምቶ አያውቅም። ገላነሽ ታጋሽ ነበረች። ልጅ ስላልነበራቸው እሑድን ብቻዋን ቤት ትውላለች፤ ጎረቤቷ ብዙነሽ ደግሞ «ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉሩን የሚቆረጠው ለማን ይሆን?» እያለች በቁስሏ እንጨት ትሰድ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የገላነሽ እናት ሞቱ። ድንኳን ተተከለ። ገላነሽ ሦስት ቀን ሙሉ እያለቀሰች በር በሩን ታይ ነበር። ለለቅሶ የማይመጣ የለም፤ የተጣላም ይመጣል፣ የተካሰሰም ይመጣል። ስድስት ዓመት በየሳምንቱ የተጠየቀ ሰውማ እየዳኸም ቢሆን ይመጣል። አልመጣም። ድንኳኑ ሲነሣ ገላነሽ እንባዋን ጠርጋ ለብዙነሽ፣ «ለእናቴ ለቅሶ መጥቶ ዓይኔን ማየት የፈራ ሰው፣ ሴት ናት» አለቻት። እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አልፈርድም ነበር።

ልብሷን ሸክፋ ድሬዳዋ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ስትል ሽማግሌ ገባ። አንዱ ጡረታ የወጡት ወታደር ባሻ ገብረመድኅን፣ ሌላው ፈረስ መጋላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሐረሪው ጎረቤታቸው አው ዓሊዪ ናቸው። እንደሻው ፊታቸው ቆሞ «ሴት የለኝም። የምሄደው ዱር ነው» አለ።

«ዱር ምን አለህ?» አሉ ባሻ።

«ምንም።»

ይህ መልስ ነገሩን አባሰው። አው ዓሊዪ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ ወላሂ እኛ አራት የተፈቀደልን እንኳ አንዷን ማስተዳደር አቅቶናል። አንተ ምን ቆርጦህ ነው?» አሉት። በመጨረሻም ተወሰነ፦ በመጪው እሑድ ሁሉም አብረው ሄደው ያያሉ። ጎጆና ሴት ከተገኘ ገላነሽ ሰማንያዋን ታፈርሳለች። እንደሻው ይህን ሲሰማ ፈራ። የፈራው ግን ሴት ትገኛለች ብሎ ሳይሆን ምንም ስለማይገኝ ነው። ሽማግሌ በእግር አስኬዶ ባዶ ቦታ ማሳየት፣ ውሽማ ከማሳየት የባሰ ውርደት መሰለው።

እሑድ በፈላና በር ወጡ። ባሻ ጉልበታቸውን እያሹ፣ አው ዓሊዪ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ገላነሽ ጥቁሯን ለብሳ ከኋላ። ማሽላውን አለፉ፣ ጫቱን አለፉ፣ አንዱን ኮረብታ ወጥተው ወረዱ። «እዚህ ድረስ የምታስኬድ ሴት ካለችማ እኔም ላያት እፈልጋለሁ» አሉ ባሻ ቁና ቁና እየተነፈሱ። የሳቀ አልነበረም።

እንደሻው ቁጥቋጦውን በክንዱ ገለጠና አስገባቸው። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ውሃ ይወጣል፤ አሥር እርምጃ ያህል ይሄድና ተመልሶ መሬት ይገባል። ዙሪያውን ጥድና ወይራ ቆሟል። ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩአቸዋል። ባሻ ወታደርነታቸው አልለቀቃቸውም፤ ቋጥኙን ዞሩ፣ የጥዱን ኋላ አሰሱ።

«ጎጆውስ?»

«የለም።»

«ሴትዮዋስ?»

«የለችም፣ ባሻ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እቀመጣለሁ።»

አው ዓሊዪ ጃንጥላቸውን አጥፈው «ሱብሓነላህ!» አሉና ከውሃው በእፍኛቸው ጠጡ። ባሻም ጥቂት አሰብ አድርገው «ይህ ሰው ጤነኛ አይደለም እንጂ ጥፋተኛስ አይደለም» ብለው ፈረዱ። ሁለቱም ሳቁ። እንደሻው እፎይ ብሎ አብሮ ሊስቅ ሲል ዓይኑ ገላነሽ ላይ አረፈ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ምነው? ነጻ ወጣሁ እኮ!»

«ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «ሴት ብትሆን ተናድጄ፣ ረግሜህ እሄድ ነበር። እኔ ስድስት ዓመት እሑድ እሑድ ግድግዳ ሳይ ስውል፣ አንተ እዚህ ነበርክ። ለምን አልነገርከኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

«እስቅብህ ነበር። ስቄ ሳበቃስ አብሬህ አልመጣም ነበር?»

እንደሻው ዕድሜውን የሰው በደል ሲገለብጥ ኖሮ የራሱን ገና አሁን አየው። አጠገቧ ተቀመጠና «ይቅር በይኝ» አላት። ገላነሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ከጥዶቹ በላይ ወዳለው ከፍታ አየች።

«ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»

«እንጃ። እዚያስ ደርሼ አላውቅም። ሁልጊዜ ሳይመሽ ቤት ልግባ እያልኩ እመለሳለሁ።»

«ዛሬስ ቤት ማን አለ?» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሥራ፣ ቀድማው ሽቅብ መውጣት ጀመረች።