ንብ ሁለተኛ ስትነድፈኝ

ባለፈው ሳምንት አሰላ ውስጥ የልጅ ልጄን ንብ ነድፋት ገላዋ በሙሉ ሽፍ አለ። ሐኪም ቤት ወስደናት እንደተመለስን የአክስቴ ልጅ ዘሃራ ደወለች።

"ወተት አጠጡልኝ እንጂ። አንቺንስ እማዬ በወተት አይደል ያዳነችሽ?"

ዘመዱ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው፤ አርሜም አላውቅ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሮቤ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ እማራለሁ። አዳዳ መዲና፣ የአባቴ እህት፣ ጓሮዋ ውስጥ ንብ ታረባለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዷ እጄን ነድፋኝ ሰውነቴ በሽፍታ ተሸፈነ፣ ከንፈሬም አበጠ። አዳዳ ሳቀችብኝ።

"ሲደጋገም ገላሽ ይለምደዋል።"

የእሷ ለምዶ ነበርና የሰው ሁሉ የሚለምድ መሰላት።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ቢጫ መምታት ሲጀምር፣ ማር ልትቆርጥ ጭሱን ያዢልኝ አለችኝ።

"እፈራለሁ፣ አዳዳ።"

"ማሩን ስትበዪስ ትፈሪያለሽ?"

አንገቴ ላይ አንዴ ብቻ ተነደፍኩ። መጀመሪያ መዳፌን በላኝ። ከዚያ ድምፄ ጎረነነ፤ ጉሮሮዬ ጠብቦ አየሩ እያፏጨ ይገባ ጀመር። አዳዳ ወተት በጣሳ አምጥታ "ጠጪ፣ መርዙን ይሰብረዋል" አለች። መዋጥ አቅቶኝ በአፍንጫዬ ወጣ።

ከአጥሩ ማዶ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ፣ ቁስል የሚያክሙ መርፌ የሚወጉ ድሬሰር ይኖሩ ነበር። ንቦችሽ ልጆቼን አስቸገሩ ብለዋት ከአዳዳ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። በእጄ ወደ ቤታቸው አመለከትኳት።

"እኔ በሕይወት እያለሁ እዚያ ደጅ አትረግጪም።"

በቁልቋሉ አጥር ሥር በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ሾለክሁ። ከኋላዬ "ተመለሺ ብያለሁ" ትላለች።

ጋሽ ደምሴ ምንም አልጠየቁኝም። ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡኝና ጭኔን መርፌ ወጉኝ። ትንፋሼ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ደህና ነኝ ብላቸው እንኳ ጋሪ አስጠሩ።

"ተመልሶ ሊነሳብሽ ይችላል፣ ጤና ጣቢያ ታድሪያለሽ። ይሄ ነገር አይለመድም፣ ልጄ። በሚቀጥለው ይብሳል።"

በማግስቱ ስመለስ አዳዳ ለጎረቤት "ወተቱ ባይቀድምላት ኖሮ" ስትል ደረስኩ። ወሬው ከዚያ ጀምሮ እንደዚያው ቀረ።

አዳዳ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆነ። ነፍሷን ተያት ይሉኝ ይሆናል። በወተቱ አልቀየምኳትም፤ የምታውቀው እሱን ነበር። ተመለሺ ስትለኝ ግን ትንፋሽ አጥሮኝ መሬት ለመሬት ስሳብ እያየችኝ ነው።

ዘሃራ ይህን ታነበዋለች። ታንብበው።