አንዴ እምቢ ካልሽ

ኦክላንድ በመጣሁ ሰሞን አክስቴ ጎረቤታቸው ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ጎረቤታቸው አሜሪካዊት አሮጊት ናት። ኬክ ቆርሳ «ፕሊስ» እያለች ሳህኑን ዘረጋችልኝ። ርቦኝ ነበር፤ ግን አንገቴን ደፍቼ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኳት። ሁለተኛ ስትለምነኝ ልቀበላት ነበር ሐሳቤ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ሳህኑን አነሳችው።

መንገድ ላይ አክስቴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ።

«አንቺ ሞኝ! እዚህ አገር በሞቴ ብሎ የሚለምንሽ የለም። አንዴ እምቢ ካልሽ ሳህኑ ሄደ።»

እሳቸው ቤት ግን ሳህን እንዲህ በቀላሉ አይነሳም። እንግዳው ጠገብኩ ቢል፣ ቢምል፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብለው ያጎርሱታል። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው «ማሚ፣ ፕሊስ!» እያለች ታፍር ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አክስቴ ለአዋቂዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት አስመዘገቡኝ። ሰው ፊት መጠየቅ ስለማልደፍር፣ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቄ «ፕሊስ» ከየት እንደመጣ አስተማሪዋን ጠየቅኳት። ድሮ «ደስ የሚልዎት ከሆነ» ይባል እንደነበር፣ አባባሉን ከፈረንሳዮች እንደወሰዱት፣ እያጠረ እያጠረ ይቺ አንዲት ቃል እንደቀረች ነገረችኝ።

ቤት ስገባ ለአክስቴ ነገርኳቸው።

«ደስ ካላለኝስ?» አሉ።

«ይተውዎታላ፣ እትዬ።»

«ወይ ጉድ! ይሄም ልመና ሆነና!»

ካንሰሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ ሕክምናው በቃ ብለው ወደ ቤት ሲመልሷቸው፣ ቤት እየመጣች የምታያቸው ነርስ «ምግብ እምቢ ካሉ አታስገድዷቸው» አለችን። ልጃቸው ገባት። ሥራዋን ትታ ከሳን ሆዜ መጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እኔ ግን አልተቀበልኩም። እምቢታቸው እንደ እኔ የኬክ ቀን እምቢታ መሰለኝ፤ ደግሜ ብለምናቸው የሚበሉ።

አጥሚት አቅጥኜ ሠራሁና «በሞቴ፣ እትዬ» አልኳቸው። ለእኔ ሲሉ ሁለት ማንኪያ ዋጡ። ወዲያው አስመለሳቸው። በማግስቱም ለመንኳቸው፤ በማግስቱም አስመለሳቸው። አፋቸውን ስጠርግላቸው እጄን ያዙኝ።

«የኔ ልጅ፣ በሞቴ አትበይኝ። ተራው የእኔ ነው።»

በዚያ ድካማቸው ሊስቁ ሞከሩ። ልጃቸው ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲያ አጥሚት ሠርቼ ያቀረብኩላቸው አንድ ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ አልጋቸው ላይ ወድቃለች። ማንኪያውን ከሳህኑ አነሳሁና ሌላ ቃል አጣሁ።

«ፕሊስ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው ትንሽ አዩኝ።

«ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉኝ፤ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ ልክ እኔ የኬኩ ቀን እንዳልኩት።

ደግሜ አልለመንኳቸውም። ሳህኑን አንስቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ። አጥሚቱ ገና ትኩስ ነበር።