ድምጿን የያዝኩላት ሴት

የታሰርኩት በደብተር ርዕስ ነው። ካርቱም ውስጥ፣ ሳጃና ሰፈር ካለ አንድ ክሊኒክ፣ የጉሮሮና የድምፅ ሕመም አጠና ነበር። ድምፁ የሻከረ ወይም ጨርሶ የጠፋ ሰው ሲመጣ «አ» በል እለውና ትንፋሹ እስኪያልቅ እቀዳዋለሁ። የበሽተኛን ምስጢር ሌላ እንዳያነበው ማስታወሻዬን በአማርኛ ነበር የምጽፈው። ሽፋኑ ላይ «የታፈኑ ድምፆች» ብዬበታለሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔን ያመለጠኝ እጄ ነው።

የጸጥታ ሰዎች ባሕሪ ወደሚባለው የከተማው ክፍል ወስደው መርማሪ ፊት አስቀመጡኝ። አስተርጓሚው እዚያው ያደገ ያገሬ ልጅ ነው፣ አማርኛው የሳሳ። ርዕሱን ወደ ዐረብኛ መለሰው። በዐረብኛም እንደኛው ድምፅ ማለት የጉሮሮውም የምርጫውም ነው። ራሴ በዐረብኛ ላስረዳ ስል መርማሪው «በቋንቋሽ መልሺ» አለኝ።

«ማነው ያፈናቸው?»

«እባጭ» አልኩ።

ልጁ ቃሉን አያውቀውም። የሰው ስም መስሎት እንዳለ አቀበለው፤ መርማሪውም ጻፈው።

«እባጭ የት ነው የሚኖረው?»

ሳቄ መጣ። ሳቄ ደግሞ እንደ ንቀት ተቆጠረብኝና ማታውኑ ከአንዲት ሴት ጋር ቆለፉብኝ።

ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የሽንትና የበረኪና ሽታ አለው። ሴትየዋ የወሎ ሰው ናት። ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ኢቃማዋ፣ አልፎባት ነው የያዟት።

«አብሽሪ እህቴ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣት።

«ድምፅሽ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከረመዳን ወዲህ። ለጉሮሮዬ ብዬ ተሰድጄ ጉሮሮዬን አጣሁት። ኮምቦልቻ ልጅ አለችኝ። ሳልያዝ በፊት ብደውልላት አንቺ ማነሽ ብላ ዘጋችብኝ» አለች።

እንድትስል ነገርኳት። ጤነኛ ሰው ሲስል የድምፅ ጅማቶቹ ይገጥሙና ድው ይላል። የሷ እንደ ተነፈሰ ጎማ እስስ አለ። አንገቷን ዳሰስኩ። ጣቴ ሥር ደረቅ እባጭ አለ፣ አይንቀሳቀስም። ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ምነው ባልገባኝ አልኩ።

«ይመለሳል?»

«ቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ አለብሽ።»

«በምን አባቴ ልደርስ?» አለችና ነገሩን ነገረችኝ። ጠዋት ጠዋት ወታደሩ ከተዘጋው በር ውጭ ቆሞ የሚፈቱትን ይጠራል። «መውጁዳ»፣ አለሁ፣ ብላ ያልጮኸች ትታለፋለች። እሷ ተጠርታ ነበር፣ ብቻዋን ሳለች። አለሁ ብላለች። በሩ ጋ ደርሳ እስክትደበድብ ግን ሰውየው ሄዷል።

«እንደገና ከጠሩሽ እኔ አለሁልሽ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ስሟ ተጠራ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «መውጁዳ!» በሩ ተከፈተ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ ወታደሩ።

«እሷ ናት።»

«ታዲያ የመለሰው ማነው?»

«እኔ። ድምጿን ይዤላት ነው።»

ሁለታችንንም ሲያይ ቆየና «ያላ፣ ውጪ» አላት። ስትወጣ እጄን ይዛ ጉሮሮዋ ላይ አሳረፈችው። ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። «በሌላ ሰው ስም መናገር ልማድሽ ነው ማለት ነው» አለና አንድ ወር ጨመረብኝ። አልተቆጨሁም፤ ዛሬም አልቆጭም።

ክሊኒኩም የቀዳሁትም ሁሉ ከተፈታሁ በኋላ ሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት ጠፋ። አሁን የምሠራው ደሴ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ስሜን አጠያይቃ መጣች። ከኮምቦልቻ ነኝ ስትለኝ የማን ልጅ እንደሆነች ሳትነግረኝ አወቅኋት።

«እናቴ አገሯ ገብታ ስድስት ወር አልቆየችም» አለች። «ድምፄን የያዘችልኝ ዶክተር አለች ትለኝ ነበር። እኔ አንድ ቀን ስልክ ዘግቼባታለሁ፣ አላወቅኋትም። ምናልባት ቀድተዋት ከሆነ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እባክዎ ያሰሙኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ስሰበስብ ኖሬ ያንን አንዱን አልያዝኩም። መቅጃዬን ቀድመው ወስደውብኝ እንደነበር፣ እናቷም ያንን ያለችው በር ላይ ስለተናገርኩት ቃል እንደሆነ ነገርኳት። አቀረቀረች።

«ምን ብለው ነበር ታዲያ ስለሷ ሆነው?»

«መውጁዳ። አለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

ተነስቼ ቆምኩ። ኮሪደሩ በበሽተኛ ሞልቷል፣ በሩም ክፍት ነው። እንደዚያን ቀን አድርጌ ጮህኩት።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ «አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለችኝ።

ደገምኩላት።