በማር የተጓዘው ኩላሊት

ቦንጋ ውስጥ ማር ይዞ ወልደ ጊዮርጊስ ፊት የቆመ ሰው ልቡ ይመታ ነበር። በማር ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደረጃ የሚሰጠው እሱ ነው። ላይ ላዩን ቀምሶ አያውቅም፤ ረጅም እንጨቱን እስከ በርሜሉ ወለል ይሰድና ከታች የወጣውን ቀምሶ፣ ባለማሩን ዓይን ዓይኑን እያየ «ሦስተኛ!» ይላል። የሚስቱን ወንድም የገብረ ሥላሴን ማር እንኳ ሦስተኛ ብሎ ስለጣለበት፣ ሰውየው ለፋሲካ ቤታቸውን አልረገጠም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ስናጨበጭብ «ይሄ ውሸት ነው» ብሎ የሚነሳው እሱ ነበር። ጎረቤቱ ነኝና ስንት ጊዜ በእሱ ተሳቅቄያለሁ።

በሁለት ሺህ ስድስት ሚስቱ በዛወርቅ ደም መሽናት ጀመረች። ለብዙ ጊዜ ደበቀችን። በኋላ ጅማ ስትመረመር ግራ ኩላሊቷ ላይ ዕጢ ተገኘና ኩላሊቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ሐኪሙም «የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ ደረጃውን አይተን ቀጣዩን እንነግርሻለን» አላት። እዚህ ላይ ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። የወጣውን ኩላሊት ለዚያ ምርመራ ተሸክሞ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ባልየው ነበር! ኩላሊቱ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሞላበት የፕላስቲክ ዕቃ አስታቀፉት፤ ሚስቱን ለእህቷ ትቶ አውቶቡስ ተሳፈረ።

መንገድ ላይ ክዳኑ ላላና ፎርማሊኑ ይፈስ ጀመር። የተሳፋሪው ዓይን ሁሉ ሲያነባ ረዳቱ «ፋዘር፣ ይሄን መርዝ ወይ ይድፉት ወይ ይውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ወልደ ጊዮርጊስ ወርዶ የቀረውን ደፋው። ለሐኪሞቹ እጅ መንሻ የያዘው ነጭ ማር አብሮት ነበር። ማር ውስጥ የገባ ነገር እንደማይበሰብስ ካፋ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ቁስላችንንም የምንቀባው እሱን ነው። የሚስቱን ኩላሊት በዚያ ማር አለበሰው። ከዚያ የተሻለ የሚሰጣት ነገር አልነበረውም።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱን ሊቀበል ሲሄድ፣ ኩላሊቱን የመረመረችው ዶክተር ሄርሜላ አስቀምጣ አነጋገረችው።

«አባቴ፣ የኛ ሪፖርት ለሁሉም ሕመምተኛ አንድ ዓይነት ነው። የካንሰሩን ዓይነት፣ ስፋቱን፣ ከኩላሊቱ አልፎ እንደሆነና ደረጃውን እንጽፋለን። ካንሰር መሆኑን ከዳር ዳሩ አውቄያለሁ። ደረጃውን ግን መጻፍ አልቻልኩም።»

«ለምን?»

«ደረጃው ከአንድ እስከ አራት ነው። አንደኛው ቀስ የሚለው፣ አራተኛው ክፉው ነው። የምንሰጠውም ከሁሉ የከፋውን ቦታ አይተን ነው። ማሩ ወደ መሃል ሳይዘልቅ ውስጡ ተበላሽቷል። የከፋው እዚያ ከነበረ አላየሁትም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። እሱ ግን ወዲያው ገባው፤ በርሜል ከላዩ አይመዘንም ሲል የኖረ ሰው ነው። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ አለቀሰ። ዶክተሯ አጽናናችው፤ ደረጃው ስላልታወቀም በዛወርቅ በየሦስት ወሩ ጅማ እየሄደች ሳንባዋን ሳይቀር እንድትታይ፣ በሽታው ከተመለሰ ቶሎ እንዲደረስበት አደራ አለችው።

ቤቱ ሲገባ እኔ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። «ስንተኛ አሉኝ?» አለችው።

ወልደ ጊዮርጊስ ጣሪያውን አየና «አንደኛ» አለ።

«የሺሃረግ፣ ሰማሽ? አንደኛ!» ብላ እጄን ያዘችኝ። እኔም እልል አልኩ፤ ወልደ ጊዮርጊስ ያለው ሐሰት ይሆናል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ከዚያ በኋላ ጅማ እንሂድ ብሎ በለመናት ቁጥር «አንደኛ ብለውኝ የለ፣ ምን ልሠራ?» ትለዋለች። እሱም እውነቱን ሳያወጣ በነጋታው ደግሞ ይለምናታል።

በዓመቱ ማሳል ጀመረች። ተሸክመን ጅማ ስናደርሳት በሽታው ሳንባዋን ወሮታል። የፈሩት ይደርሳል። የሚደረግ ነገር የለም ብለው ወደ ቤቷ መለሷት።

አንድ ቀን ሾርባ ሳጎርሳት እጄን ገፋ አደረገችና ወደ እሱ ዞረች።

«ወልዴ፣ አንተ ደረጃ ስትናገር የሰው ዓይን እያየህ ነው። ያን ቀን ያየኸው ጣሪያውን ነው። ያኔውኑ አውቄያለሁ።»

እሱም የማሩን ነገር ሁሉ እያለቀሰ ነገራት። «ካወቅሽ ታዲያ ለምን እምቢ አልሽኝ?» አላት።

«ብሄድ ወረቀቱን ገልጠው ያነቡልኝ ነበራ። አንድ ጊዜ ለኔ ብለህ ብትዋሽ፣ በሱ ላሳፍርህ?»

በዚያው ሳምንት ቀበርናት።

የማር ወቅት ሲደርስ ገብረ ሥላሴ እንደ ወትሮው ከታቹ የተበረዘ ማሩን ይዞ ማኅበሩ መጋዘን መጣ። ወልደ ጊዮርጊስ እንጨቱን አልሰደደም፤ አልቀመሰምም። ጣሪያውን አየና «አንደኛ» አለ። የእህቱን «አንደኛ» ከእኔ ሰምቶ የነበረው ገብረ ሥላሴ በርሜሉን ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።