የአባቴ ጥያቄ እንዴት እንደ ተመዘገበ

ቢቸና በምሠራበት ቢሮ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰው ግማሽ ቀን የለፈለፈውን በሁለት ገጽ አሳምሬ ሳቀርብ አለቆቼ አንድ ቃል አይነኩብኝም። ስድብ ቢሆን «ጠንካራ አስተያየት»፣ ልቅሶ ቢሆን «የመልካም አስተዳደር ጥያቄ» ብዬ እጽፋለሁ። ሙያ መስሎኝ ስንት ዘመን ኮርቼበታለሁ።

ፓርላማ የላክነው ተወካይ መራጮቹን ሊያነጋግር ሞጣ ሲመጣም ያው እኔ ተጠራሁ። ሞጣ የአባቴ ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ ወታደር ነው፤ ጠረፍ ላይ ነው ያለው። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ ባሕር በር ነበር፤ ከጎረቤት አገር ጋር ጦርነት ሊነሣ ነው ይባላል። ወንድሜ ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውል ነበር። መጨረሻ የደወለ ዕለት «ወደ ፊት እየተጠጋን ነው» እንዳለ ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ እህል አልወርድላቸው አለ። የስብሰባው ዕለት ጧት ጋቢያቸውን እየለበሱ «ዛሬ እናገራለሁ» አሉኝ።

«ይተዉት አባባ። እኔም እዚያው ነኝ፤ እንጀራዬ ነው» አልኋቸው።

«ላንተማ እንጀራህ ነው። ለሱ ግን ነፍሱ ናት» አሉና ቀድመውኝ ወጡ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስለ መንገድ ተጠየቀ፣ ስለ ማዳበሪያ ተጠየቀ። አባቴ እጃቸውን ሲያወጡ እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርሁ።

«ልጄን ለአገር ሰጥቻለሁ» ብለው ጀመሩ። «የሰጠሁት ግን ዳር ድንበር እንዲጠብቅልኝ ነው። ወደብ እናስመልሳለን ብላችሁ ሰው አገር እንዳትሰዱብኝ። ሂዱና ተነጋገሩ፤ ካልሆነም ተከራዩ። እስቲ ከዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ልጅ ያልቀበረ ስንቱ ነው? እርስዎን ለመምረጥ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ የዋልሁት ይኼን እንዲናገሩልኝ ነው። ጦርነት አይሁን ብለዋል ይበሉልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ሰው አጨበጨበ። ተወካዩ ራሱን ነቀነቀና «ይመዘገባል» አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ አየ።

በማግስቱ ቢቸና ቢሮዬ ተቀምጬ እንዲህ ብዬ መዘገብሁት፦ «ተሳታፊዎች ልጆቻቸውን ለአገር ለመስጠት ያላቸውን ዝግጁነት ገልጸው፣ መንግሥት የባሕር በር ጥያቄውን በሁሉም አማራጭ ከዳር እንዲያደርስ ጠይቀዋል።»

እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለኝ ሰው የለም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። አንድ ሰው አስገድዶኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምረግመው አላጣም ነበር። «አይሁን» የምትለውን ቃል ፈራኋት፤ ከዚያ በኋላ እጄ የለመደውን ጻፈ። አለቃዬ አንብቦ «ጎበዝ» አለኝና ማኅተም መታበት።

አባቴ ግን እህል መቅመስ ጀመሩ። ላገኙት ጎረቤት ሁሉ «ተመዝግቧል እኮ፤ የጻፈው የራሴ ልጅ ነው» ይላሉ አሉ። እኔም ይኼን እየሰማሁ እውነቱን ሳልነግራቸው ከረምሁ።

ከወራት በኋላ በደብረ ወርቅ በኩል ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፈተ ሲባል አባቴ ሊጠይቁኝ ቢቸና መጡ። ምሳ ልጋብዛቸው ምግብ ቤት ገባን። ቴሌቪዥኑ የፓርላማ ስብሰባ ያሳያል፤ ያ ተወካያችን ተነሣና ወረቀት እያየ አነበበ። መራጮቼን አነጋግሬአለሁ አለ፤ ልጆቻቸውን ለመስጠት ዝግጁ ናቸው፣ በሁሉም አማራጭ ከዳር ይድረስልን ብለዋል አለ። ቃሉ ቁልጭ ያለ የእኔ ነው።

አባቴ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። «ማነው እንዲህ ያለው? እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ? ውሸታም!» ብለው ጮኹ። ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየን።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ።»

«ምን ቀስ እላለሁ! አንተ የጻፍኸው ወረቀት አለ አይደለም እንዴ? እሱን አውጣልኝ። አዲስ አበባ ድረስ ይዤው ሄጄ አጋልጠዋለሁ።»

ከዚህ ወዲያ መድረሻ አጣሁ። «ወረቀቱም የሚለው ይኼንኑ ነው» አልኋቸው። «የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በመቱኝ። እሳቸው ግን «ያን ቀን አዳራሹ ስንገባ በር ላይ ያስፈረሙንስ ወረቀት?» አሉኝ።

«ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ ሄዷል።»

«የእኔም ፊርማ አለበት?»

«አለበት።»

ያላለቀውን ምግብ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያውስ ልጄን ፈርሜ የሰደድሁት እኔው ነኛ» አሉ።