የሌለችው ውሽማ

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በአርባ ምንጭ በአንድ የሕክምና ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ሸማኔ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በዚያ ጊዜ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የማውቀው ሁሉ ከመጻሕፍት የተቀዳ ነው፤ ብዙ ስላነበብኩም ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬ ደግሞ ሰውን በደሙና በሽንቱ በኩል ብቻ ነበር የሚያሳየኝ። በመጽሐፉና በብልቃጡ መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ ገና አልረገጥኩትም።

አከራዬ ከጋሞ ደጋ ወርዶ ከተማ የገባ፣ ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚጠጋው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከአጥር የሚያልፍ ሰው ነበር። «ጋሼ» እያልኩ «አንተ» እንድለው ያዘዘኝ ራሱ ነው። «‹እርስዎ› ስትለኝ ግብር ሊያስከፍለኝ የመጣ ሰው ትመስለኛለህ» አለኝና ነገሩ በዚያው ጸና። እርሱ በበኩሉ፣ ሐኪም አለመሆኔን ደጋግሜ ብነግረውም «ዶክተር» ማለቱን አልተወም። ሚስቱ ዐሥር ዓመት ያህል ታንሰዋለች፤ እርሷ ትፈትላለች፣ እርሱ ይሸምናል። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። እናቴ የጋሞ ተወላጅ ስለሆነች ቋንቋቸውን እሰማለሁ፤ ስለዚህ ጠባቸውን ከእኔ ሊደብቁ አልቻሉም።

ጠቡ የጀመረው ሸማኔው ምንጣፉን ጠቅልሎ ለብቻው ሊተኛ ወደ መሸመኛው ክፍል ከገባ በኋላ ነው።

«ሸማውን አገባኸው እንዴ?» ትለዋለች፣ ጥጧን እየባዘተች።

«ሥራ በዛብኝ አልኩሽ።»

«ሥራው በዝቶ ሸማው የት አለ? ወር ሙሉ አንድ ጋቢ! ይልቅ ጋቢውን ለማን እንዳለበስከው ንገረኝ።»

«ዝም በይ፣ ዶክተር ይሰማል።»

«ይስማ! የተማረ ሰው ነው፤ እርሱም ይፍረድ።»

እኔ መጽሐፌ ላይ አቀረቅር ነበር። እርሷ ግን በግቢው ብቻ አልተወሰነችም፤ ገበያ ስትወጣም፣ ከጎረቤት ጋር ስትቀመጥም፣ ያችን የማታውቃትን ሴት ትረግማለች። «ወልዳ አትሳም! እጇ የያዘው ሁሉ ይርገፍ!» እያለች። ነገሩ በዚህ ሁኔታ አራት ወር ቆየ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሸማኔው አንድ ብልቃጥ በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ክፍሌ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ዶክተር፣ እባክህ ይህን ማር በማሽንህ መርምርልኝ።»

«ማር አንመረምርም፣ ጋሼ። ምን ሆነ?»

«ስኳር ቀላቅለውበታል መሰለኝ። ንጹሕ ቢሆን እስካሁን ይሠራ ነበር።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

በሩን አየ፤ መጻሕፍቴን አየ፤ መጨረሻ ላይ ዓይኑን ብልቃጡ ላይ ተክሎ ነገረኝ። ከስድስት ወር ወዲህ ከሚስቱ ጋር መሆን አቅቶታል። ፍላጎቱ አልጠፋም፤ ሰውነቱ ነው የማይታዘዘው። «ከወገቤ በታች ያለው የሌላ ሰው ሆነብኝ» አለ። የገበያው መድኃኒት አዋቂ፣ ማር ከዝንጅብልና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ተለውሶ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ሦስት ሦስት ማንኪያ፣ ከላዩም ሙዝ እንዲበላ አዞታል። አልሠራ ሲለው ማንኪያውን ወደ አምስት ከፍ አደረገ፤ የማሩን ነጋዴም ሦስት ጊዜ ለወጠ። ይህኛውን ብልቃጥ ካምባ ከሚባል አገር ድረስ ልኮ ነው ያስመጣው።

እየሰማሁት ሳለ ዓይኔ ቀደም ብሎ ማየት የነበረበትን ነገር አየ። ያ ሰፊ ትከሻ ከሸሚዙ ውስጥ ሟሙቷል። ውሃ የያዘ ጀሪካን ከመሸመኛው ሥር እንደማይጠፋ፣ ሽንት ለመሽናት በየሰዓቱ ብድግ እንደሚል አውቅ ነበር፤ ግን ከሙቀቱ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«ውሃ ማብዛት ከጀመርክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ማሩ እኮ ያስጠማል አሉኝ።»

«ጋሼ፣ ማሩን ተወው። ነገ ጠዋት ሽንትህን አምጣልኝ።»

«ሽንቴን?» ሳቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ መስማቴ ነበር። «ማሩን ናቅከው እንዴ?»

በማግሥቱ የሽንቱን ጥቂት ጠብታዎች ከመመርመሪያው ሰማያዊ ፈሳሽ ጋር ቀላቅዬ በእሳት ላይ ያዝኩት። ሰማያዊው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ በመጨረሻም የሸክላ መልክ ሆነ። ያ ቀለም ብዙ ስኳር ማለት ነው። ማሩ ንጹሕም ቢሆን ያው ስኳር ነው። ሰውየው ወንድነቱን ለማዳን በቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ማንኪያ በሽታውን ሲመግብ ከርሟል።

ሐኪማችን ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ በንግግሩ የሚጠነቀቅ ወጣት ነበር። የሸማኔውን የደም ስኳርም አስመርምሮ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ሳይቸኩል አስረዳው። «ስኳሩ የደም ሥርንና ነርቭን ይጎዳል። የወንድ ብልት የሚቆመው በእነዚሁ ነው። አልጋ ላይ የደረሰብህ ነገር የበሽታው ክፍል ነው እንጂ በወንድነትህ ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። ክኒኑን በሰዓቱ ከወሰድክ፣ ማሩንና ሙዙን ከተውክ፣ ሊሻልህ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ግን አልምልልህም፤ ለእርሱ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒትም እኛ ዘንድ የለም።» ከዚያም ጨመረ፦ «በሚቀጥለው ከባለቤትህ ጋር ና።»

«እርሷን ተዋት» አለ ሸማኔው፣ ከወንበሩ እየተነሣ።

በመንገድ ላይ አስቆመኝ። «ይህ ነገር ከአንተ አፍ ከወጣ አንድ ግቢ አንኖርም።» ማስጠንቀቂያው አላስፈለገም፤ የታማሚን ምስጢር መጠበቅ ከሙያችን ሕግ የመጀመሪያው እንደሆነ ተምሬያለሁ። ሕግን መጠበቅ ቀላል መስሎ የታየኝ ግን እስከዚያ ሳምንት እሑድ ድረስ ብቻ ነው።

ሚስቲቱ ነገሩን ወደ ሽማግሌዎች አደረሰችው። ከደጋ ወርደው ከተማ የሰፈሩ የአገራቸው አባቶች ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአንድ ትልቅ ማንጎ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ፤ እኔም እንደ ጎረቤት ተጠራሁ። በጋሞዎች ዘንድ ሰው የተከለከለውን ሲተላለፍ የሚከተለው መዓት ጎሜ ይባላል። ጎሜ በራስ ላይ፣ አልፎም በልጆች ላይ ይወርዳል፤ የሚነሣውም ጥፋቱን በሽማግሌ ፊት ተናግረው እርጥብ ሣር ይዘው ሲቆሙ ነው። ሚስቲቱ ባሏ እንደበደላት፣ ውሽማም እንደያዘባት ተናገረች። ተቀመጠች።

ሸማኔው ተነሣ። «አዎ፣ ሴት አለችኝ» አለ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ፊቱን ስመለከት ኀፍረት ብቻ አልነበረም፤ ከኀፍረቱ በታች አንድ እፎይታ፣ እንዲያውም ትንሽ ኩራት አየሁ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንደ ባለጌ አዩት እንጂ እንደ ጎደለ ሰው አላዩትም።

«ደግ አደረግህ፤ ተናገርህ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ማን ናት?»

ይህን አላሰበበትም ነበር። በግማሽ ኑዛዜ ጎሜ አይነሣም፤ ከማን ጋር፣ የት፣ የሚለው ሁሉ ይወጣል።

«አባያ ዳር... ዓሣ ከሚሸጡት አንዷ ናት።»

«የማን ልጅ?»

ነጠላውን አስተካከለ።

«ስሟስ?»

ወደ ማንጎው ቅርንጫፎች አንጋጠጠ።

«ዓሣዋን ብቻ ነው የሚያውቀው!» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «በሚመጣው እሑድ ይዘሃት ና። እርሷም ሣር ይዛ ትቁም። ካልሆነ ጎሜው ልጆችህ ላይ ይቀራል።»

ሚስቲቱ ከተቀመጠችበት «ካላመጣት፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ወላጆቼ ዘንድ እወጣለሁ» አለች። አልጮኸችም። ጮኻ ብትሆን ኖሮ ያን ያህል ባልፈራሁ ነበር።

በማግሥቱ ሸማኔው ወደ ክፍሌ መጣ።

«ዶክተር፣ አንድ ሴት ፈልግልኝ።»

«ምን?»

«‹እኔ ነኝ› የምትል። ለአንድ እሑድ ብቻ። ሣር ትይዛለች፣ ትሄዳለች።»

ያኔ ስለ እውነትና ስለ ባልና ሚስት መተማመን፣ ካነበብኩት የለቀምኩትን ረጅም ንግግር ጀመርኩለት። ጥቂት ታገሠኝና «መጽሐፍህን ዝጋው» አለኝ። «ስማኝ። ውሽማ ያለው ወንድ ይሰደባል፤ ከዚያ ይታረቃል። የማይችል ወንድ ግን አይሰደብም፤ ይታዘንለታል። ስድቡን እችላለሁ። እርሷ ስታዝንልኝ ማየት ነው የማልችለው።»

እንዳለኝ መጻሕፍቴን ተውኳቸው። ከሙያዬ የማውቀውን ያህል ብቻ ተናገርኩ። «ጋሼ፣ የምትበላውን የምታበስለው እርሷ ናት። ምን መብላት እንዳለብህ ካላወቀች ክኒኑ ብቻውን አያድንህም፤ ሐኪሙም ና ያለህ ለዚህ ጭምር ነው። ሐሙስ ይዘሃት ና። ስለ ምግቡ ይነገራት። የቀረውን መናገር አለመናገር የአንተ ነው፤ እኔም ሐኪሙም ሳትፈቅድ አንድ ቃል አንተነፍስም።»

«ከተናገርኩና ከሄደችስ?»

«ካልተናገርክ እሑድ ትሄዳለች።»

ሐሙስ መጡ። ሚስቲቱ ከአማርኛው ይልቅ ጋሞኛው ስለሚቀናት አስተርጓሚ ሆንኩ። ሐኪሙ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ሙዙ፣ ስለ ምግቡ መጠን ነገራት። ባሏ መታመሙን ስትሰማ ቁጣዋ ቦታ አጣ፤ «ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ አለችው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ሸማኔው አየ።

ሸማኔው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በራሱ ቋንቋ ሁሉንም ነገራት። የሸሸው ሴት ፈልጎ ሳይሆን አቅቶት እንደሆነ፤ የአባያዋ ሴት እንደሌለች፤ ማሩም ለምን እንደነበረ።

ሲጨርስ ሚስቱ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እርሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አራት ወር ሙሉ የሌለች ሴት ስረግም ነበር?» አለች። «ወልዳ አትሳም ያልኳትን! ያ እርግማን አሁን ማን ላይ ያርፋል?» ባሏን ረስታ በእርግማኑ ደነገጠች። በእነርሱ ሕግ ንጹሕ ሰውን መርገም ራሱ ጎሜ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሐኪሙን ጠይቅልኝ፤ በሽታው ያመጣው ነው ወይስ እኔን ጠልቶ?»

ተረጎምኩ። ሐኪሙ ቀጥ ብሎ አያት። «በሽታው ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ፍርሃቱ ደግሞ በበሽታው ላይ ተደርቦበታል፤ አንድ ጊዜ ያቃተው ሰው በሚቀጥለው ሲፈራ ይብስበታል። ተለያይታችሁ አትተኙ። እያንዳንዱን ቀን እንደ ፈተና አትቁጠሩት። መተቃቀፍም፣ መጨዋወትም የትዳር ነው።» ይህን ስተረጉም ጆሮዬ ይግል ነበር። ባልና ሚስቱ ግን እኔን ከወንበሩ ለይተው ያዩኝ አይመስለኝም።

እሑድ በማንጎው ሥር ሸማኔው ሊነሣ ሲል ሚስቱ ቀደመችው። በሁለት እጇ እርጥብ ሣር ይዛ ቆመች።

«ሴት የለችም። በቅናት የሌለች ሴት ረገምኩ፤ ጎሜው የእኔ ነው። ባሌ ስኳር ታሟል። ያልሠራውን ሠራሁ ያለው ቁጣዬን ሽሽት ነው።»

ሸማኔውም ሣር ይዞ ከጎኗ ቆመ፤ በአባቶች ፊት መዋሸቱን ተናገረ።

አንድ ሽማግሌ አልረካም። «ስኳር የታመመ ሰው ለምን ለብቻው ይተኛል?»

«አባቴ፣ ጎሜዬን ተናግሬያለሁ» አለች። «እርስዎ የሚጠይቁኝ ጎሜ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ጥቂት ተነጋገሩ። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ሣሩን ተቀብለው መረቋቸው፤ እርግማኑም መሬት እንዲውጠው ተባለ። ሐኪሙ በክኒን ሊነካው የማይችለውን አንድ ነገር እነዚያ አባቶች በሣር ሲያነሡት አየሁ፤ እነርሱ በሣር ሊያነሡት ያልቻሉትንም ሐኪሙ ጀምሮታል። የትኛው ይበልጣል ብዬ መመዘን ትቻለሁ።

ከክረምቱ በኋላ ለክትትል አብረው መጡ። ሸማኔው ሥጋ መልሷል፤ በሽንቱ ውስጥ ያለው ስኳርም ከሸክላ መልክ ወደ አረንጓዴ ወርዷል። እኔ እንደ ልማዴ ለማስተርጎም ገባሁ። ሐኪሙ ካርዱን አይቶ ደስ አለውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላውስ ነገር?» ሲል ጠየቀ።

ሸማኔው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሚስቱ በጋሞኛ ቀደመችው፤ እርሱም እጁን አፉ ላይ ጭኖ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«ምን አለች?» አለኝ ሐኪሙ።

እኔ ቁጥብ ሰው ነኝ፤ በቢሮ የሚነገርና የማይነገር ለይቼ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት፦

«‹እንደ ሲቀላ መብራት ነው› ትላለች። ‹አንዳንድ ቀን ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። መብራት ጠፋ ብሎ ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ደግሞ የለም።›»