ወይዘሮ ብርቅዬና የመጋዘኑ በር

ዛሬ ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. እኔ አሞጽ ገብረሚካኤል ወልደ ጊዮርጊስ፣ በቦንጋ ከተማ የቡና መጋዘን ዘበኛ፣ ስለ ወይዘሮ ብርቅዬ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። የሰማሁትን አልጨምርም፤ በዚህ ከተማ የሚወራው ብዙ ነው።

ወይዘሮ ብርቅዬ የማንኪራ ተወላጅ ሲሆኑ በመጋዘናችን ለዘጠኝ ዓመት ብልሹውን ከደህናው እየለዩ ቡና ለቅመዋል። በዚያ ዘመን ለቃሚዎቹ ሴቶች ሲወጡ ሽርጣቸውን አራግፈው፣ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ያሳዩኝ ነበር። ወንዶቹ መዛኞች ግን ሰላምታ ሰጥተውኝ ያልፋሉ። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።

ወይዘሮ ብርቅዬ የሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነው በተመረጡ በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሽ አሞጽ፣ የወንድ ኪስ ተሰፍቶ የተዘጋ ነው እንዴ?»

«ደንብ ነው፣ ብርቅዬ።»

«እንግዲያው ይቀየራል። ወይ ሁሉም ይፈተሻል፣ ወይ ማንም አይፈተሽም!»

ሥራ አስኪያጁ አቶ አብዱልቃድር ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ «ሁሉም» የሚለውን መረጡ። በመጀመሪያው ቀን መዛኙ አብነት «ጫማዬን አላወልቅም» ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ። ሲያወልቅ ከካልሲው ግማሽ ኪሎ የሚሆን ቡና ፈሰሰ።

«ጫማዬ ሰፊ ነው፤ ሳላውቅ ገብቶ ይሆናል» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

በዚያ ካልሲ ምክንያት የወይዘሮ ብርቅዬ ስም እስከ ዋጫ ከተማ ተሰማ። ቆይተውም የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ በየስብሰባው ስለ እኩልነት ይናገሩ ጀመር። እኔ ግን ተጠራጠርሁ። ሰው ወንበር ሲያገኝ ይረሳል።

ባለፈው ሐሙስ መጋዘኑን ሊጎበኙ መጡ። ሲወጡ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቁሞ ያያል። እርሳቸው ሳይፈተሹ ካለፉ ከነገ ጀምሮ ወንዶቹም እንደማይፈተሹ አብነት አስቀድሞ ነግሮኛል።

«ክብርት፣ እርስዎ ይለፉ» አሉ አቶ አብዱልቃድር።

እኔ በሩን ዘጋሁ። «ቦርሳ» አልሁ።

ወይዘሮ ብርቅዬ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከዚያም ከፈቱት፦ መነጽር፣ የስብሰባ ወረቀት፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ። ሴቶቹ አጨበጨቡ።

«ጋሽ አሞጽ፣ እርስዎንስ ማን ይፈትሻል?» አሉኝ።

በአሥራ ሰባት ዓመት የዘበኝነት ሥራዬ ይህን የጠየቀኝ የለም። ኮቴን አውልቄ ሰጠኋቸው። አሥራ አንድ ፍሬ ቡና ወጣ፤ ከበሩ ሥር የለቀምኋቸው ናቸው።

«የጋሽ አሞጽም ኮት ሰፊ ነው!» ብሎ አብነት ጮኸ።

ዛሬ ጠዋት ሠራተኛ ሳይገባ ሄጄ በበሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አነበብሁ። «ሁሉም ይፈተሻል» ከሚለው ሥር በቀይ ቀለም «ዘበኛውን ጨምሮ» ተብሎ ተጽፏል። ይለቅ እንደሆነ በጣቴ ነካሁት፤ ደርቋል።